የታች በሩን ሱቅ የሚዘጋ እጅ

በአንዲት ከተማ የሱቆች አነጻጻሪ ሆኜ አራት ዓመት አገልግያለሁ። የከተማይቱን ስም አልጠራም፤ ነዋሪዎቿ ስሟ በመጽሐፍ ከወጣ ኑሮ ይወደድብናል ብለው ይፈራሉና። እኔም ከዚያ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ፍርሃታቸውን አከብራለሁ።

በከተማይቱ ሕግ መሠረት፣ በየዓመቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አስቤዛ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ በሦስት ነገር ይነጻጸራሉ፤ በዋጋቸው፣ በዕቃቸው ዓይነት ብዛት፣ ሸማቹም በውስጣቸው በሚያገኘው ደስታ። አንደኛ የወጣው ሱቅ በበሩ ላይ የቅርጫት ሥዕል ይሣልለታል። መጨረሻ የወጣው ይዘጋል። ስለ መካከለኞቹ ሕጉ ዝም ይላል።

ወደዚህ ሹመት ያደረሰኝ ስለ ሸቀጥ ያለኝ ዕውቀት አይደለም። ወጣትነቴን በሰዋስው ትምህርት የፈጸምሁ፣ ጥቂት ተማሪዎች የማስተምር፣ ከጓሮዬ ጎመንና ገብስ በቀር የማልቀምስ ሰው ነበርሁ። የከተማይቱ ሽማግሌዎች ግን እንዲህ ሲሉ መከሩ፤ የሚገዛ ሰው ለሚገዛበት ሱቅ ያደላል፤ ስለዚህ በእውነት ማነጻጸር የሚችለው ከማንም የማይገዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በየሰፈሩ ፈልገው እኔን አገኙ። በሹመቴም ቀን፣ በአነጻጻሪነት እስካለሁ ድረስ ከየትኛውም ሱቅ ምንም ነገር እንዳልገዛ አስማሉኝ። መሐላው አልከበደኝም። ከዚያ ወዲህ ጎመኔን ያለ ጨው እበላ ነበር፤ ይህንንም ከሹመቱ ክብር እንደ አንዱ ቆጠርሁት።

ስሾም ሰባት ሱቆች ነበሩ። በሦስት ዓመት ሦስቱን ዘጋን፤ በመጀመሪያ የላይ ሰፈሩን፣ ቀጥሎ የመካከለኛውን፣ አምና ደግሞ የወንዝ ዳሩን። የወንዝ ዳሩ ሱቅ ባለቤት የነበረው አቶ ሳህለድንግል በየማለዳው በተቆለፈው በሩ ፊት ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይል ነበር። እኔም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ሱቁን ያስዘጋው ድምር ትክክል ነበር።

አዘጋጉም የራሱ ሥርዓት አለው፤ «የንጹሕ እጅ ሥርዓት» ይሉታል። ሱቁን የሚቆልፈው ሰው ከዚያ ሱቅ አንድም ቀን ገዝቶ የማያውቅ የከተማይቱ ነዋሪ መሆን አለበት። ያዘነ ሸማች ቢቆልፈው በቀል ነው፤ የተደሰተ ሸማች ቢቆልፈው ክህደት ነው። ንጹሕ እጅ ከሁለቱም የራቀ ነው። በፊተኞቹ ዓመታት እንዲህ ያለ እጅ በቀላሉ ይገኝ ነበር፤ የላይ ሰፈሩ ሱቅ ሲዘጋ የወንዝ ዳር ሰው ይጠራል፣ የወንዝ ዳሩ ሲዘጋ የታች በር ሰፈር ሰው። መቆለፊያው ብረት ነው፤ መጠኑ የአንድ ጎልማሳ ራስ ያህላል።

በአራተኛው ዓመት የቀሩት ሱቆች አራት ነበሩ። መዝገቤን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባሁት «ዋጋ ሰባሪ» ከሚባለው ነው። የዚህ ሱቅ ዋጋ በምድር ላይ ከተሰማው ዋጋ ሁሉ የረከሰ ነው። የምስሩ ዋጋ ገበሬው ለዘሩ ብቻ ከሚያወጣው ያንሳል። ዋጋዎቹ በቀይ ቀለም በትላልቅ ሰሌዳ ተጽፈው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅለዋል፤ ሁለት ሠራተኞችም በመሰላል እየወጡ ቀን በቀን ይቀንሷቸዋል። ምስሩ የት እንዳለ ባለቤቱን ብጠይቀው፣ በዚህ ዋጋ ምስር የሚያመጣልኝ ማን ነው ሲል መልሶ ጠየቀኝ። በሕጉ መሠረት ዋጋ የሚለካው ከሰሌዳ ነው፤ ዕቃ ያልቃል፣ ሰሌዳ ግን ይኖራልና። በዋጋ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ከዚያ ወደ «ሞልቶ ተርፎ» ሄድሁ። በዚህ ሱቅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት ዕቃ ቆጠርሁ። ጨው ብቻውን ሠላሳ ሰባት ዓይነት ነበር፤ የማለዳ ጨው፣ የእንግዳ ጨው፣ የእርቅ ጨው፣ የአማት ጨው፣ ሌላውም እንዲሁ። በጓሮ በኩል ሳልፍ ስምንት ጸሐፊዎች በአንድ የጨው ጆንያ ዙሪያ ተቀምጠው በጣሳዎች ላይ ወረቀት ሲለጥፉ አየሁ፤ ቆጠራው የሚመለከተው ወረቀቱን ስለሆነ አልፌአቸው ሄድሁ። አንዲት ሴት የእርቅ ጨው እንዲሸጡላት ትለምን ነበር። አሻሻጩ በትሕትና፣ አንዱ ጣሳ ቢሸጥ ቁጥሩ ወደ አራት መቶ አሥራ አንድ እንደሚወርድ፣ ይህም የከተማይቱን ክብር እንደሚነካ አስረዳት። ሴቲቱ ጥቂት አሰበችና ስለ ከተማይቱ ክብር ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወጣች። በዓይነት ብዛት ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።

ሦስተኛው «ደስ ይበልህ» ነው። ሰው ደስ ባለው ቦታ ይቆያል፤ ስለዚህ ሕጉ ደስታን በቆይታ ይለካል። በዚህ ሱቅ ሰባት እንግዳ ተቀባዮች በተርታ ቆመዋል። የፊተኛው ወንድይፍራው የሚባል ረዥም ሰው ነው፤ ሥራው ፈገግታ ነው፤ በፈገግታውም ጤናዬን፣ ዘመዶቼን፣ ጓሮዬን፣ የሞተ አባቴንም ጭምር ጠየቀኝ። ሁለተኛው እጄን አስታጠበኝ፤ ሦስተኛው ወንበር ሰጠኝ፤ አራተኛው ከወንበሩ አስነሥቶ የተሻለ ወንበር ሰጠኝ። አንድ ማሲንቆ መቺ ስሜን እያነሣ አወደሰኝ። ዕቃው ከሰባተኛው በስተኋላ ባለው ክፍል እንዳለ ይነገራል። ስድስተኛው ዘንድ ስደርስ ግን የመዝጊያ ሰዓት ሆኖ ነበር። መውጫውን እስካገኝ ድረስ ደግሞ ጥቂት ቆየሁ። በደስታ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።

በማግሥቱ ወደ ታች በር ወረድሁ። በዚያ ያለው ሱቅ ስም የለውም፤ ባለቤቷ ወይዘሮ ታንጉት ትባላለች። ባሏ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከመደርደሪያው በስተኋላ አልጋ ዘርግታ በዚያው ትኖራለች። ስደርስ ከደጃፉ ተቀምጣ፣ ሰፌድ በጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። እኔም በበሩ ላይ ቆሜ ሰሌዳ መፈለግ ጀመርሁ።

«ካልገዙ ከብርሃኔ ገለል ይበሉልኝ፣ መምህር» አለችኝ ቀና ሳትል። «ጠጠሩ አልታይ አለኝ።»

ገለል ብዬ፣ መግዛት እንደማይፈቀድልኝ፣ የመጣሁትም ላነጻጽር እንደሆነ ነገርኋት። ዋጋዋን በሰሌዳ ለምን እንደማትጽፍም ጠየቅኋት።

«ዋጋ የሚፈልግ ይጠይቀኛል፤ አፍ አለኝ።»

በመዝገቤ ላይ «ሰሌዳ የለም» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ ዕቃዋን ቆጠርሁ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፤ አሥራ አንድ። የጨውሽ ዓይነት ስንት ነው ብላት ጨው ዓይነት አለው ወይ አለችኝ። ሠላሳ ሰባት እንዳለው ስነግራት ሰፌዱን አሳርፋ ተመለከተችኝ።

«ወጡ አንድ፣ ጨዉ ሠላሳ ሰባት» አለች። «ምን ዓይነት አማት ብትኖራቸው ነው?»

ቆይታ ልለካ በጥግ ቆምሁ። አንዲት ሴት ዘይት ልትገዛ ገባች፤ ወይዘሮ ታንጉት ግን የቀረው አተላው እንደሆነ፣ ሐሙስ አዲስ እንደሚገባ ነግራ ሳትሸጥላት መለሰቻት። እኔ እስከ ሠላሳ ስቆጥር ሴቲቱ ወጥታለች። ቀጥሎ የመጣው የ«ደስ ይበልህ» እንግዳ ተቀባይ ወንድይፍራው ነበር። ፊቱ ከብዶና ወርዶ ስላየሁት ታሞ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ደኅና ነኝ፣ መምህር። ከዚህ ስገባ ፊቴን አሳርፋለሁ።»

«አያምኑትም» አለችኝ ወይዘሮ ታንጉት ሽሮውን እየመዘነች፤ «ይህ ሰው ለከተማው ሁሉ ሲስቅ ይውላል አሉ። እኔ ግን ጥርስ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በነፃ አይስቅም።»

ወንድይፍራው ሽሮውን ተቀብሎ ያለ አንድ ቃል ወጣ። እስከ ሃያ አምስት ቆጥሬ ነበር።

ውጤቱን ለባለ ሱቁ አስቀድሞ መንገር የአነጻጻሪ ግዴታ ነው። በዋጋ ሰሌዳ የለሽምና ባዶ፣ በዓይነት አሥራ አንድ፣ በደስታ ከሁሉ ያነሰ፤ መጨረሻ ነሽ፤ የፊታችን ቅዳሜም ሱቁ ይቆለፋል አልኋት። በሕጉ መሠረት ሱቅ ሲቆለፍ በውስጡ ያለ ሁሉ አብሮ እንደሚቆለፍም አስረዳኋት።

«አልጋዬም?»

«አልጋሽም።»

«እኔስ ከየት ላድር ነው?»

ሕጉ ስለዚህ ዝም እንደሚል ነገርኋት። ወይዘሮ ታንጉት አላለቀሰችም፤ አልተራገመችም። ሰፌዱን ወደ ጭኗ መልሳ፣ ጠጠር ያለበት ምስር ተቆልፎ እንዳይቀር ልጨርሰው አለች።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ድምሩን ሦስት ጊዜ ደመርሁት። አንድ ስሕተት ብቻ ለማግኘት በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ስሕተት አልነበረውም። ሐሰት ጽፌም አላውቅም፤ ስለዚህ የነበረውን እንደነበረ ጽፌ አስረከብሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የከተማይቱ ሰው በታች በር አደባባይ ተሰበሰበ። አደባባዩ ከወይዘሮ ታንጉት ደጅ ፊት ለፊት ነው። ብዙዎቹ ቅርጫት ይዘው ነበር፤ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት የሚበሉትን ሊገዙ የመጡ ናቸው። ንጽጽሩን የሚያውጀው ሹመ ንጽጽር ጓንጉል ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ካባው ከድምፁ የወፈረ ሰው። ነጥቡን አንድ በአንድ አነበበ። የቅርጫቱ ሥዕል ለ«ሞልቶ ተርፎ» ሆነ። የታች በሩ ሱቅ መጨረሻ እንደወጣ ሲያውጅ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው፣ ከእንግዲህ ሽሮ ከየት እናገኛለን ሲል ጠየቀ።

ሹሙ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ተናግሮ፣ በዋጋ ሙሉ ነጥብ ያገኘው «ዋጋ ሰባሪ» በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ እንዳለ አስታወሰ።

«ዋጋውን በምን ጠቅልለን እንብላው?» አለ ሰውየው።

ሹሙ ይህኛው ጥያቄ ከዕለቱ ጉዳይ ውጭ መሆኑን ገልጾ፣ መቆለፊያውን በሁለት እጁ ከፍ አደረገ። ከዚህ ሱቅ ገዝቶ የማያውቅ ወደ ፊት ይውጣ አለ።

ማንም አልወጣም።

ሹሙ ሰው ያፈረ መስሎት በለሰለሰ ድምፅ ደገመው። አሁንም የወጣ የለም። ወደ ላይ ሰፈር ሰዎች ዘወር ብሎ፣ እናንተ ሩቅ ናችሁና ከእናንተ አይጠፋም አላቸው። እነርሱም ሱቃቸው ከተዘጋ ጀምሮ ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ወደዚህ ሲወርዱ መሆኑን ነገሩት። የመካከለኛ ሰፈር ሰዎች ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። የወንዝ ዳር ሰዎች ከአምና ወዲህ ነው አሉ። የታች በርን ሰዎች መጠየቅ አላስፈለገም።

ሹሙ ወደ ሦስቱ ባለ ሱቆች ተመለከተ፤ ለእነርሱ ከፊት ወንበር ተዘርግቶላቸው ነበር። የ«ዋጋ ሰባሪ» ባለቤት ዓይኑን ሳይሰብር፣ «ነጋዴ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም፤ ቤቴ ልጆች አሉ» አለ። የ«ደስ ይበልህ» ባለቤት ተነሥቶ እጅ ነሣና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሰባቱም እንግዳ ተቀባዮች በአንድነት ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የ«ሞልቶ ተርፎ» ባለቤት ግን ብድግ አለ። ከዚህ ሱቅ አንድም ቀን ገዝቶ እንደማያውቅ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት ያለው ሰው ከአሥራ አንድ የሚፈልገው እንደሌለ ተናግሮ እጁን ወደ መቆለፊያው ዘረጋ።

ወይዘሮ ታንጉት ከደጃፏ፣ «ጌታዬ፣ ባለፈው ሐሙስ የወሰዱት በርበሬ ተስማማዎ?» ስትል ጠየቀችው።

«እጅግ ተስማምቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ጨዋ ሰው ነበርና።

ሕዝቡ ሳቀ። ሰውየውም እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። ከኋላ አንዱ፣ ሹሙ ራሳቸውስ ብሎ ጮኸ። ሹመ ንጽጽር ጓንጉል የአዋጅ ነጋሪ እጅ እንዲቆልፍ እንደማይፈቀድለት መናገር ሲጀምር፣ ወይዘሮ ታንጉት በክብር፣ ሹም ሻማና ስኳር እንጂ ሌላ አይወስዱም አለች።

በዚህ ጊዜ አንዲት እናት የአርባ ቀን ልጇን ከፍ አድርጋ፣ ይህቺ አልገዛችም አለች። በፌዝ ይሁን በቁም ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሹሙ ግን ፊቱ በራ፤ መቆለፊያውንም አስጠጋላት። ሕፃኗ በመዳፏ ብረቱን ዳበሰችና አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ፣ ልጅቱ ብቻዋን ስለማትችለው የሚያግዛት እጅ ሊኖር እንደሚገባ፣ የሚያግዛት እጅ ደግሞ የገዛ እንደሚሆን አስረዱ። እናቲቱም ሕፃኗን መልሳ አቀፈቻት።

ሹሙ መቆለፊያውን ታቅፎ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር አሉልን» አለ። «መምህር ምለዋል።»

ሕዝቡ ሁሉ ተመለከተኝ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ይህን ያህል ሰው በቆመበት አደባባይ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው የእኔ እጅ ብቻ ነበር። ሹሙ መቆለፊያውን አስታቀፈኝ። ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ሰጠኝ፤ የተናገረኝ ግን አልነበረም።

ወደ ደጃፉ ስደርስ ወይዘሮ ታንጉት በሩን ለመሳብ እንዲመቸኝ ከደረጃው ወረደች። ያወጣችው ነገር አልነበረም፤ ነጠላዋን ብቻ ለብሳለች። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከትሁ። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ከበስተኋላም በሥርዓት የተነጠፈ አልጋ ይታይ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ በዚያች ከተማ ያለውን ሰሌዳ፣ ጣሳና ወንበር ሁሉ ቆጥሬ ነበር። ሕዝቡ ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ይህን እንዳላውቅ ያደረገኝን መሐላ የማልሁትም እኔው ነበርሁ።

በሩን አልፌ ገባሁ። መቆለፊያውን በባንኮኒው ላይ አኖርሁት።

«ወይዘሮ ታንጉት» አልሁ፤ «መግዛት እፈልጋለሁ።»

ተመልሳ ገባችና ከሚዛኑ ኋላ ቆመች። ፊቷ አልተለወጠም።

«ምን ልስጥዎ?»

ከብዙ ዘመን ጀምሮ ምንም አለመፈለግን ተምሬ ስለነበር የምፈልገውን ነገር ስም መጥራት ተሳነኝ። ሕዝቡ ወደ ደጁ ተጠጋ፤ ከኋላ ያሉት ምን አለ፣ ምን አለ እያሉ ከፊት ያሉትን ይጠይቁ ነበር። እኔ በባንኮኒው ፊት እንደ ተገተርሁ ቀረሁ። ያዳነችኝ እርሷ ናት።

«ከቤትዎ ምን አለቀ?»

«ሁሉም ካለቀ አራት ዓመት ሆነው።»

«እንግዲያው ከጨው እንጀምር» አለች። «ምን ያህል?»

«አንድ ኪሎ።»

«ስንት ናችሁ በቤት?»

«እኔው ብቻ ነኝ።»

«ሩብ ይበቃዎታል። ጨው ሲቀመጥ ይረጥባል።»

ይህን ጊዜ ሹመ ንጽጽር ጓንጉል በሰው መካከል ተጋፍቶ ከደጁ ደርሶ ነበር።

«መምህር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጨው እየገዛሁ ነው።»

«መሐላዎስ?»

«ፈረሰ።»

«ሹመትዎስ?»

«እርሱም አብሮ።»

መሐላ ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዛሬም አቅልዬ አላየውም፤ ስለ እርሱ የሚጠይቀኝ ቢመጣ እመልሳለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከመቀነቴ ሳንቲም ፈትቼ በባንኮኒው ላይ አኖርሁ፤ ወይዘሮ ታንጉትም ጨውን በወረቀት ጠቅልላ በእጄ አስያዘችኝ። ከዚያ መቆለፊያውን አንሥቼ ለሹሙ መለስሁለት። እጄ ገዝቷል አልሁት።

መጀመሪያ እልል ያለችው የሕፃኗ እናት ናት። ከዚያ ከየት መጣ የማይባል እልልታና ጭብጨባ አደባባዩን ሞላው። ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ዘለሉ። የ«ደስ ይበልህ» ማሲንቆ መቺ ወንበር ላይ ወጥቶ ሳይከፈለው መምታት ጀመረ፤ የወይዘሮ ታንጉትን ስም ከሚዛኗ ጋር እያነሣም ዘፈነ። አንድ ረዥም ሰው በሕዝቡ መካከል አፉን ከፍቶ ዕንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር፤ ጥቂት ቆይቼ ወንድይፍራው መሆኑን ለየሁት። የራሱን ሳቅ ስቆ አይቼው ስለማላውቅ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነበር።

ሹሙ የሕጉን መጽሐፍ አስመጥቶ ከደረጃው ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አገላበጠ። ከመቆለፊያው ዓይነት አንሥቶ እስከ ካባው ርዝመት ሁሉም ተጽፎ ነበር። በከተማይቱ ንጹሕ እጅ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ግን አንድም ቃል አልነበረም። አዲስ አነጻጻሪ ልሹም ብሎም አሰበ፤ ለዚህም ከየትም የማይገዛ ሰው ያስፈልገው ነበር። ቀና ብሎ ሰውን አየ። ሰው ሁሉ በተርታ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ቅርጫት ይዞ የመጣ ሁሉ ያን ዕለት ገዛ። ሊገዛ ያልመጣውም ገዛ። የላይ ሰፈር ሰዎች ምስር ወሰዱ፤ የወንዝ ዳር ሰዎች ዱቄቱን ጨረሱት። የ«ሞልቶ ተርፎ» ስምንት ጸሐፊዎች በአንድነት መጥተው ሳሙና ገዙ፤ በጣታቸው ላይ ያለውን ሙጫ የሚያስለቅቅ ፈልገው ነው። ወይዘሮ ታንጉት በደስታ ብዛት እንኳ ለአንድ ሰው አብልጣ አልመዘነችም፤ ለማንም አጉድላም አልሰጠችም። ሁለት ጊዜ ያህል፣ ይህ ይበዛብሃል ብላ ስትመልስ ሰማሁ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከመደርደሪያው ላይ አንድ የክብሪት ቀፎ ቀረ፤ እርሱንም ሹሙ ገዛ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ታንጉት መጥረጊያ አንሥታ ሱቋን ጠረገች። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ደጁን ከውስጥ ሳበችና በገዛ ቁልፏ ቆለፈች፤ የሚሸጥ አልነበራትምና። ከአልጋዋም ላይ ጋደም አለች። ሹመ ንጽጽር ጓንጉል የተዘጋውን በር ለረዥም ጊዜ ተመልክቶ ብዕሩን አወጣ፤ በመዝገቡም ላይ «በዚህ ዕለት የታች በር ሱቅ ተዘግቷል» ብሎ ጻፈ። ሐሰት አልነበረም፤ ምስክር ሁን ብሎኝ እኔም ፈረምሁ።

በማግሥቱ ማለዳ የገጠር ሰዎች ሽንኩርትና ምስር በአህያ ጭነው ደረሱ፤ ሱቁም ተከፈተ። በሹሙ መዝገብ ስለ መከፈት የሚጻፍበት ዓምድ የለም። እኔ ሽንኩርት ገዛሁ።